ሠራተኞቻችን ለሞት የተቃረበን ሰው እንዲያስታምሙ እንዴት እናሠልጥን?

ጥያቄ፦ የአረጋውያን መንከባከቢያ ማዕከል እመራለሁ። ሠራተኞቻችን ሩኅሩኅ ናቸው፤ አንድ አረጋዊ ለሞት ሲቃረቡ ግን ይደናገጣሉ። ሌሊት ከሆነማ አምቡላንስ ጠርተው ሆስፒታል ነው የሚልኩት። የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥተን ነበር፤ ምንም አልተለወጠም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከሥልጠናው በፊት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተረኛዋ እጅ ላይ ምን እንዳለ ይፈትሹ። ማስታገሻ ካልታዘዘ፣ የሚደወልለት ሐኪም ካልታወቀ፣ አረጋዊው የት ማረፍ እንደሚፈልጉ ካልተጻፈ፣ የሠለጠነችም ብትሆን አምቡላንስ ከመጥራት ሌላ ምርጫ የላትም። ለሕመም፣ ለማቅለሽለሽ፣ ለመቅበጥበጥና በጉሮሮ ለሚጠራቀም ፈሳሽ የሚሆኑ መድኃኒቶች በመርፌ የሚሰጡ ሆነው አስቀድመው ይታዘዙ። ውሳኔዎቹ በአንድ ገጽ ተጽፈው ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ይቀመጡ። ገጹ ሆስፒታል የሚያስኬደውንም ይጥቀስ፤ ለምሳሌ ወድቀው አጥንት ቢሰበሩ።

ሥልጠናው ልምምድ ይሁን፦ በሳምንት አንድ ርዕስ፣ 30 ደቂቃ፣ ፈረቃ በሚለዋወጥበት ሰዓት። ብዙ ጊዜ የሚረሱት የሌሊት ተረኞችና የጽዳት ሠራተኞች ናቸው፤ ለውጡን ቀድማ የምታየው ግን ክፍሉን የምታጸዳዋ ልትሆን ትችላለች።

ከምልክቶቹ ይጀምሩ፦ ቀኑን ሙሉ መተኛት፣ ምግብና ክኒን መዋጥ አለመቻል፣ የእጅና እግር መቀዝቀዝ፣ ጉልበት ላይ የቆዳ መዥጎርጎር፣ ቆም እያለ የሚመለስ ትንፋሽ። ኢንፌክሽን ወይም የበዛ መድኃኒትም ሰውን እንዲህ ሊያደክም ስለሚችል፣ ሠራተኛዋ ያየችውን ታሳውቅ፤ መለየቱ የነርስና የሐኪም ሥራ ነው።

ቤተሰብን በጣም የሚያስጨንቀው አለመብላትና አለመጠጣት ነው። በማንኪያ ማስገደድ ምግቡን ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ደግሞ የአፍ ድርቀትን እምብዛም አያስታግስም፤ እብጠትና የጉሮሮ ፈሳሽ ሊጨምር ይችላል። የሚረዳው አፍን ማራስ ነው፦ በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ በለስላሳ ብሩሽ ወይም ውሃው በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ። ሎሚና ግሊሰሪን የተነከረ ጥጥ አፉን ይብስ ያደርቀዋል። ሠራተኞቹ 10 ደቂቃ አፋቸውን ከፍተው ይተንፍሱ፣ ከዚያ አንዱ የሌላውን አፍ ያርስ፤ ያኔ በየሰዓቱ ለምን እንደሚራስ ማስረዳት አያስፈልግዎትም።

መናገር ለማይችሉ ሰዎች ሕመም መለኪያ አለ፤ ፔይናድ ይባላል። ትንፋሽ፣ ድምፅ፣ ፊት፣ የሰውነት ሁኔታና በማጽናናት መረጋጋት ከ0 እስከ 2 ይመዘናሉ፣ ድምሩ ከ10 ነው። ስህተቱ ተኝተው ሳሉ ብቻ መለካት ነው፤ ሲገላበጡም ይለካ። በአፍ ማስታገሻ ከተሰጠ ከ1 ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካ፤ ካልተደገመ ቁጥሩ ወረቀት ማጥቆሪያ ነው። ሲቅበጠበጡ ማረጋጊያ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት የሽንት ፊኛ መሙላቱንና የሆድ ድርቀትን ይዩ። ሞርፊን በትክክለኛ መጠን ሲሰጥ ሞትን አያፋጥንም፤ ሆድ ግን ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝ።

ጉሮሮ ሲንኮራኮር በጎን ያስተኟቸው፣ ጭንቅላታቸውን ከፍ ያድርጉ። ፈሳሹን በቱቦ ከጉሮሮ ውስጥ ጠልቆ መምጠጥ ያሠቃያል እንጂ ብዙም አይረዳም። ለጉሮሮ ፈሳሽ የታዘዘው መድኃኒት የተጠራቀመውን አያደርቅም፤ የሚረዳ ከሆነ ድምፁ ገና ሲጀምር ሲሰጥ ነው። ድምፁ ሰሚውን ከታማሚው ይልቅ እንደሚያስጨንቅ ለቤተሰብ መንገርም በልምምድ ይሞከር፤ «ትንሽ ደክመዋል» ማለት ይቅር፣ «ለሞት ተቃርበዋል፤ ሊጠሩ የሚገባቸው ዘመዶች አሉ?» ይባል። መስማት እስከ መጨረሻው ሊቆይ ስለሚችል በአልጋው አጠገብ ስለ ሌላ ጉዳይ አይወራ።

ከእያንዳንዱ ሞት በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፦ ሕመሙ ተለክቶ ነበር? መድኃኒቱ በቦታው ነበር? ፋይሉ ውስጥ ያለው ገጽ ተነበበ? በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል የተላኩትንም በየ3 ወሩ ቁጠሩ፤ እያንዳንዱን ምን እንዳስላከው ካያችሁ የሚቀጥለው ርዕስ ከዚያ ይወጣል።