ጫማ ቤት ልትከፍቱ ላሰባችሁ ልጆች

ደሴም ይሁን ወልድያ፣ መርሳም ይሁን ሐይቅ፣ ጫማ ቤት ልክፈት የሚል ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ብር ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ቢሆንም ሁለተኛ መምጣት አለበት። መርካቶ የተሸጠ ጫማ ገዢውን ይዞ ይጠፋል። ትንሽ ከተማ ላይ የሸጣችሁት ጫማ ግን በማግሥቱም በወሩም በደጃችሁ ያልፋል። አፉን ከፍቶ ሲያልፍ ባለቤቱ በይሉኝታ ዝም ቢል እንኳ ጫማው ይናገርባችኋል። በየከተማችን «እሱ ጋ ሂድ» የሚባልላቸው ባለሱቆች አሉ። ሰው በጨዋታቸው የሚወዳቸው ይመስላል፤ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን እግር መለካት ስለሚያውቁና የማይሆነውን «ይቅርብህ» ስለሚሉ ነው።

ስለዚህ ከእግር እንጀምር። እግር የሚለካው ቆሞ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ይረዝማል፣ ይሰፋልም። ሁለቱንም ለኩ፤ አንዱ ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነው፣ ጫማውም የሚመረጠው ለትልቁ ነው። እግር ወደ ማታ ያብጣል፤ ጧት ልክክ ያለለት ሰው ማታ ይረግማችኋል። ከገጠር ሁለት ሦስት ሰዓት ተጉዞ ገበያ የደረሰ ሰው ግን እግሩ ባበጠበት ሰዓት ስለሚመጣ ልኩ ብዙ አያሳስትም። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ክፍት ይተው። ረጅሙ ጣት ደግሞ ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ የአንዳንዱ ሰው ሁለተኛው ጣት ይበልጣል። ከላይ በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑ የትኛውን እንደነካችሁ እወቁ።

የለመድነው ቁጥር እያንዳንዱ የሳንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። የእግሩን ርዝመት ለኩ፣ 1.5 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፣ የመጣውን በ1.5 አባዙ። 25 ሳንቲ ሜትር እግር 26.5 ይሆናል፤ ሲባዛ 39.75፣ ማለትም 40 ቁጥር። በቻይና ጫማ ምላስ ወይም ሳጥን ላይ 250 የሚል ካያችሁ እሱም 25 ሳንቲ ሜትር እግር ማለት ነው። ቁጥር ግን መነሻ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ፎርማው (ጫማው የተሠራበት የእግር ቅርጽ) ጠባብ የሆነ 42 ከሰፊ 41 ያነሰ ሆኖ ይገኛል። አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር ከየዓይነቱ አንዱን ሞክሩና «አንድ ቁጥር ያሳንሳል» ብላችሁ ካርቶኑ ላይ በእስክሪፕቶ ጻፉበት። በባዶ እግር ወይም በበረባሶ ያደገ እግር ከፊት ሰፊ ነው፤ ለሱ ሹል አፍንጫ ያለው ጫማ ስጡ ማለት ቁስል ስጡ ማለት ነው። ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ማስፋት መፍትሔ አይደለም፣ ተረከዙ ይወልቃል። ፎርማው ራሱ ሰፊ የሆነ ዓይነት ለይታችሁ ያዙ።

ልጁን ሳያመጣ የሚገዛ አባት ብዙ ነው። ሰንበሌጥ ወይም ቀጭን እንጨት በልጁ እግር ልክ ቆርጦ በኪሱ ይዞ ይመጣል። ክር ይዞ ከመጣ ጠርጥሩ፤ ክር ይሳባል። የሰንበሌጧ ርዝመት 16 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በዚያው ስሌት 26 ቁጥር ይወጣል። ከዚያ ሰንበሌጧን ጫማው ውስጥ አጋድሟት፤ ጫፏ ተረከዙን ነክቶ ከፊት የአንድ ጣት ውፍረት መትረፍ አለበት። ጎበጥ ብላ ከገባች ጫማው ትንሽ ነው። ሶሉን በውጭ በኩል ከሰንበሌጧ ጋር ማስተያየት የጀማሪ ስሕተት ነው፤ የውጩ ሶል ከውስጡ ብዙ ይረዝማል። አባትየው «እንዲያድግበት» ብሎ ሦስት ቁጥር ጨምሩልኝ ይላል። አንድ ቁጥር ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ልጁ ይደናቀፋል፤ ጫማውም ጣቶቹ በሚታጠፉበት ቦታ መታጠፉ ይቀርና በማይገባው በኩል ይሰበራል። ሰንበሌጧን አትጣሏት፣ ሳጥኑ ውስጥ ተዉለት። ሰውዬው ሊለውጥ ሲመለስ ክርክሩን የምትፈታው እሷ ናት።

ወሎ ላይ የሚሸጥ ጫማ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለበት፦ በቀን ብዙ ጊዜ ይወልቃል። ሙስሊሙ ለአምስት ወቅት ሶላት ያወልቀዋል፤ ውዱእ አድርጎ በእርጥብ እግር መልሶ ያጠልቀዋል። ክርስቲያኑም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያወልቀዋል። ሰው ማሰሪያ መፍታት ይሰለቸውና ተረከዙን ረግጦ ይለብሰዋል፤ በሁለት ወር የኋላው ይጎብጣል፣ ገበሩ ይቀደዳል። ለእንዲህ ያለ ደንበኛ ማሰሪያ የሌለው፣ በጎኑ ላስቲክ ያለው ወይም ኋላው ክፍት የሆነ አቅርቡለት። የተረከዙን ግድግዳ በሁለት ጣት ጨምቃችሁ ስትለቁ ወዲያው ካልተመለሰ ውስጡ ካርቶን ነው፤ እርጥበት አይችልም።

አየሩም ይለያያል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ የለም፣ የሚሸጠው ጫማ ግን ሌላ ነው። ደሴ ጉምና ብርድ ስላለባት ድፍን ጫማ ትፈልጋለች። ወደ ባቲ ስትወርዱ ሸበጥና ሰንደል ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ይገናኛል፤ ቢያንስ ቁጥርና «ጠበበህ?» ማለትን በሦስቱም ቋንቋ ያላወቀ ነጋዴ በአስተርጓሚ ይሸጣል፣ አስተርጓሚም ድርሻውን አይረሳም።

አሁን ወደ ብሩ። ከጅምላ የምትገዙት ብዙውን ጊዜ በደርዘን ነው። የወንድ ደርዘን ሲመጣ 39 አንድ፣ 40 ሁለት፣ 41 ሦስት፣ 42 ሦስት፣ 43 ሁለት፣ 44 አንድ ሆኖ ይደረደራል። እንበልና አንዱ ጥንድ 900 ብር ገባ፤ ደርዘኑ 10,800። የመኪናና የወዛደር 300 ጨምሩ፣ 11,100። በ1,200 አሥሩን ሸጣችሁ 12,000 ሰበሰባችሁ። እስካሁን ያተረፋችሁት 900 ብቻ ነው። አሥራ ሁለቱም ቢሸጡ 14,400 ይሆንና ትርፉ 3,300 ይደርሳል። አያችሁ፣ ትርፉ ያለው መጨረሻ በቀሩት ሁለት ጥንዶች ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳርና ዳር ያሉት 39 እና 44 ናቸው። ሦስት ዓይነት ጫማ ካመጣችሁ ስድስት፣ አሥር ካመጣችሁ ሃያ የሞተ ጥንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሱቁ ሙሉ ይመስላል፣ ወረቱ ግን ታስሯል። ይኼን ያልተረዳ ወጣት ነው «ይሸጣል፣ ብር ግን የለም» እያለ የሚገረመው።

መድኃኒቱ ደብተር ነው። የተሸጠውን ብቻ ሳይሆን ተጠይቆ የጠፋውንም ቁጥር ጻፉ። ሦስት ወር ከጻፋችሁ የከተማችሁን እግር ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት እናንተ ዘንድ 43 ቶሎ አልቆ 40 ይተርፍ ይሆናል። ከዚያ ለጅምላ ሻጩ «40ውን ቀንስና 43 ጨምር» ማለት ትችላላችሁ። ከጎረቤት ጫማ ቤት ጋር ዳር ቁጥሮችን መለዋወጥም ነውር የለውም፤ ቅናት ከያዛችሁ ግን አይሆንም። አራት ወር የቆየ ዳር ቁጥር በመጣበት ዋጋ ይውጣ፤ ከላይ ባለው ስሌት ሁለቱን በ900 ብትሸጡ ትርፋችሁ 2,700 ነው፣ ዓመት ካስቀመጣችኋቸው ግን የኪራዩን ቦታ ይበላሉ። በሌላ በኩል ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብሩ በገበያ ሲተመን የውጭ ጫማ ዋጋ እንዴት እንደዘለለ አይታችኋል። በአሮጌ ዋጋ ሸጦ ጨርሶ በአዲሱ ዋጋ ግማሽ ደርዘን ብቻ መተካት የቻለ ብዙ ነው። ዋጋ ስትቆርጡ የገዛችሁበትን ብቻ ሳይሆን የምትተኩበትን አስቡ።

ስትገዙ ጥንዱን አውጡ። ሁለት ግራ የገባበት ሳጥን አለ፣ አንዱ 41 አንዱ 42 የሆነ አለ፣ ቀለሙ የተለያየም አለ። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡት፤ ቢወዛወዝ ታኮው ጠማማ ነው። ጣት በሚታጠፍበት ቦታ አጥፉት፤ የሶሉ ጠርዝ ቢከፈት ወይም ማስቲሹ ነጭ ክር እየሆነ ቢሳብ መልሱት። የተሰፋ ሶል ከተለጠፈው ይሻላል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ለጌጥ ብቻ የተሰፋም አለ። የውስጡን ንጣፍ ገልጣችሁ ስፌቱ ወደ ውስጥ መዝለቁን እዩ። ቆዳ መሆኑን ለማወቅ ክብሪት ማቀጣጠል አያስፈልግም። የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ጭረት ጭረት ያለ ሥጋ የመሰለ ነገር ካለ ቆዳ ነው፤ ጨርቅ ላይ የተለበጠ ስስ ነገር ከሆነ አይደለም። ቆዳ ያልሆነውንም ሽጡ፣ ስሙን ግን አትለውጡበት።

ደጅ ላይ የምትሰቅሉት ናሙና አንድ እግር ብቻ ይሁን፣ ሌባ ለአንድ እግር አይደክምም። ግን ግራውን ለሦስት ወር ፀሐይ ላይ ትታችሁ ቀኙን ሳጥን ውስጥ ብታስቀምጡ ሲገናኙ ወንድማማች አይመስሉም። በየሳምንቱ አቀያይሩ፣ ጥቁር ሰማያዊና ቡናማውን ደግሞ ጨርሶ ከፀሐይ አርቁ። ክረምት ሲገባ ካርቶኖቹን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁ፣ ከወለሉም በጣውላ ከፍ አድርጉ። ሻጋታ ካያችሁ ውኃና አቼቶ እኩል ቀላቅላችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ ይምታው። በሳጥኑ ያለችውን ትንሿን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ልጆች ለጨዋታ ይወስዷታል፤ እናንተ አትጣሏት። የፒዩ (ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ) ሶል ያለው ጫማ ከሁሉ የከፋው ነው። ሳይለበስ ሦስት አራት ዓመት ቢቀመጥ እርጥበት ከውስጥ ይበላዋል፤ አዲስ ይመስላል፣ ገዢው ሁለት ቀን ሲሄድበት እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል። «አዲስ ነው» ብላችሁ የማላችሁበት ጫማ ገበያ መሐል ሲበተን አስቡት። የገባበትን ወርና ዓመት ሳጥኑ ላይ ጻፉ፣ የቀደመው ቀድሞ ይውጣ።

ሶል መለጠፍ ሥራው የጫማ ሰፊው ቢሆንም ባለሱቅ ሊያውቀው ይገባል፤ ደንበኛው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። አሮጌው ማስቲሽ ተፍቆ ይወጣል፣ ሁለቱም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ አቧራው ይራገፋል። ስስ ማስቲሽ በሁለቱም በኩል ይቀባል። ከዚያ ትዕግሥት ነው፦ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ጣት ሲነካው እስከማይዝ ድረስ፤ በደሴ ጉም ከዚያም በላይ። ሳይደርቅ የተጣበቀ ሶል በሳምንቱ የሚላቀቀው ለዚህ ነው። ከተጣበቀ በኋላ በመዶሻ ዙሪያውን መምታት፣ እስከ ማግሥቱም አለማድረግ። ዝናብ የመታውን ጫማ ከሰል አጠገብ የሚያደርቅ ደንበኛ ካላችሁ ምከሩት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለሰልሳል። ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል።

የሽያጭ ወቅት የሚታወቅ ይመስላል፦ መስከረም ትምህርት ቤት፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። ወሎ ላይ ግን ግማሹ ገበያ ኢድ፣ ዓረፋና መውሊድ ነው፤ እነሱ ደግሞ በኛ አቆጣጠር በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ቀድመው ይመጣሉ። ያለፈውን ዓመት ቀን ይዞ ዕቃ የሚያዝዝ ሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ የልጆች ጫማ ይደርሰዋል። ገበሬው እጁ ላይ ብር የሚገባው የመኸሩን ወቅቶ ሲሸጥ፣ በልግ በሚዘሩት ደጋዎች ደግሞ የበልጉ እህል ደርሶ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ዱቤም ይኼንኑ ይከተላል። መምህሩ በወር መጨረሻ፣ ገበሬው በአውድማ ይከፍላል። ደብተሩ ላይ ስም፣ ቁጥር፣ ቀንና ዋጋ እዚያው እፊቱ ጻፉ፤ ውጭ ያለው ዱቤ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ደርዘን ዋጋ አይለፍ። ለቅሶ ቤት ዱቤ አይነሣም። በ2014 ዓ.ም. ሱቃቸው የተዘረፈባቸው ነጋዴዎች ዕቃው ብቻ ሳይሆን ደብተሩም አብሮ ጠፍቶባቸዋል፤ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት።

እግሩ በዝሆኔ ያበጠ ሰው ወደ ሱቃችሁ ሲገባ ከበር አትመልሱት። በመንካት አይተላለፍም፤ ደጋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልክ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው፣ ጫማም ከመድኃኒቱ አንዱ ነው። ከፊቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት፣ ሰፊ፣ ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር ጫማ ያስፈልገዋል፤ ከሌላችሁ ጫማ ሰፊው ጋ ይዛችሁት ሂዱና ልኩን አስወስዱ፣ ጤና ጣቢያ እንዲሄድም ንገሩት። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ሚስማር ቢወጋውም ላይሰማው ይችላል፤ ጫማውን ከመስጠታችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ ውስጡን በጣታችሁ ዳብሱ።

ከጦርነቱ ወዲህ አንድ እግር ጫማ ብቻ የሚፈልግ ሰውም በየከተማው አለ። ጥንድ እንዲገዛ ይገደዳል፣ ሌላውን ይጥለዋል። በዱቤው ደብተር መጨረሻ ሁለት ገጽ ለዚህ ተዉ፤ «41 ቀኝ»፣ «42 ግራ» እያላችሁ ከስልክ ቁጥሩ ጋር መዝግቡ። ቁጥራቸው አንድ፣ እግራቸው ተቃራኒ የሆነ ሁለት ሰዎች ሲገኙ ጥንዱን ለሁለት አካፍላችሁ ዋጋውንም ለሁለት ክፈሉት። እስኪገኙ ድረስ የቀረውን አንድ እግር ቁጥሩን ጽፋችሁ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።