የአንባቢያን ጥያቄ፦ ያለፈው ለምን አላልፍ ይላል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ሰዎች የቆየ ነገር አልለቅ ብሏቸዋል። ሦስቱን መርጬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰባት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው አንድ ቀን ዕቃውን ሸክፎ ወጣ። ለምን እንደሄደ አልነገረኝም። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። እሠራለሁ፣ እስቃለሁ፣ ላየኝ ሰው ደህና ነኝ። ግን ሳህን ሳጥብ ከእሱ ጋር እከራከራለሁ፤ አንዳንዴማ ድምፄ ሁሉ ይወጣል። “ምን አጠፋሁ?” እለዋለሁ። ጓደኞቼ “በቃ እርሺው” ይሉኛል። አቃተኝ። ምን ሆኜ ነው? (ሰላም ያጣሁ)

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አልሆንሽም። መጀመሪያ “እርሺው” የሚለውን ምክር ላንሳ፤ ከጉዳቱ እኩል ሰውን የሚያደክመው እሱ ይመስለኛል። መርሳት በትእዛዝ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሰዎችን “ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፤ ትዝ ካላችሁ ግን ደወል ምቱ” አላቸው። ደወሉ በደቂቃ ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታ ነበር። በኋላ ማሰብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች የበለጠ ስለ ድቡ አሰቡ። ከሕይወታቸው ጋር ምንም የማያገናኘው ድብ እንዲህ ካደረጋቸው፣ ሰባት ዓመት አብሮሽ የበላና የተኛ ሰው “ውጣ” ስላልሽው ከሐሳብሽ እንዴት ይወጣል?

ደግሞም አእምሯችን የሚያምን ነገር እንዲይዝ ሆኖ ነው የተሠራው። ስንደነግጥ ሰውነታችን የሚያመነጨው አድሬናሊን ያቺን ሰዓት ጠለቅ አድርጎ እንዲቀረጽ ያግዛል። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ” ሲባል እውነት ነው። እሱ በሩን ከፍቶ የወጣባትን ደቂቃ ረስቷት ይሆናል፤ አንቺ ግን የለበሰው ሸሚዝ ቀለም፣ የሻንጣው ዚፕ ድምፅ ሳይቀር ዛሬም ድረስ ትዝ ይልሽ ይሆናል።

ግን ትዝታው ብቻውን ቢሆን ሦስት ዓመት ሙሉ ባላንገላታሽ ነበር። የሚያደክምሽ ክርክሩ ነው። ሰውየው ሲሄድ መልስ የሌለው ጥያቄ ጥሎልሽ ሄደ፤ አንቺም ያንን ጥያቄ የመመለስ ሥራ በራስሽ ላይ ጫንሽ። “ለምን?” ባልሽ ቁጥር ወደ መልሱ የቀረብሽ ይመስልሻል፤ ለዚህ ነው ለማቆም የሚከብደው። ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባለች ተመራማሪ ማብሰልሰልን ለዓመታት አጥንታለች። ያዘነ ሰው ስለ ሐዘኑና ስለ መንስኤው ደጋግሞ ሲያብሰለስል ሐዘኑ እንደሚረዝምና ችግሩን የመፍታት አቅሙም እንደሚቀንስ አሳይታለች።

ቀላል መለያ ልስጥሽ። ሳህኑን አጥበሽ ስትጨርሺ፣ ባለፈው ሳምንት ክርክር ያልነበረ አንድ አዲስ ነገር አግኝተሻል? ካገኘሽ እያሰብሽ ነው። ካላገኘሽ እያብሰለሰልሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ደጋግመሽ የምታስታውሺው ያ ቀን ራሱ ባለበት አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ2000 ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የተቀመጠ የፍርሃት ትዝታ ሲቀሰቀስ ለተወሰነ ጊዜ እንደሚላላና እንደገና መጽናት እንደሚያስፈልገው አሳዩ። የሰው ትዝታም በተነሳ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ከእሱ ጋር የምትከራከሪው ስለዚያ ቀን ብቻ አይመስለኝም፤ በላዩ ላይ የሦስት ዓመት ንዴት ተጨምሮበታል።

አሁን የሚያም ነገር ልነግርሽ ነው። ነገ ደውሎ “የሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው” ቢልሽ ይበቃሻል? እኔ አይመስለኝም። “ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?” ትዪዋለሽ፤ ከዚያ ሌላ “ለምን” ይመጣል። ለሰባት ዓመት ኑሮ የሚመጥን መልስ እሱም ዘንድ ላይኖር ይችላል። መተው ያለብሽ ያንን መልስ መጠበቅ ነው። ሰባቱን ዓመት መጣል የለብሽም፤ ያንቺ ናቸው፣ ደግ ቀንም ነበራቸው።

ክርክሩን ከአፍሽ አውጥተሽ ወረቀት ላይ አድርጊው። ጄምስ ፔኔቤከር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀናት እንዲጽፉ ተደረገ። የሆነውን ከስሜታቸው ጋር አያይዘው የጻፉት ጽፈው ሲጨርሱ ከፍቷቸው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱበት ጊዜ ቀነሰ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ብታለቅሺ አትደንግጪ። ማታ ልትተኚ ስትይ ግን አትጻፊ። ለእሱም አትላኪው፤ ከላክሽው እንደገና መልስ መጠበቅ ትጀምሪያለሽ።

ጥያቄ፦ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ውጭ አገር የመማር ዕድል አግኝቼ ፈርቼ ቀረሁ። አሁን ትዳር አለኝ፣ ሥራዬም አይከፋም። ነገር ግን አብረውኝ ዕድሉን ካገኙት አንዱ ፎቶ በለጠፈ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። በሠራሁት ጥፋት እንኳ እንዲህ ተቆጭቼ አላውቅም። ለምን? (የቀረሁት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው እንዳንተ ነው። ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህንኑ አጥንተው ነበር። በቅርብ ጊዜ ጉዳይ ሰው የሚቆጨው ባደረገው ነው፤ ዕድሜውን ወደ ኋላ ሲያይ ግን የበለጠ የሚቆጨው ባላደረገው ነው። ያደረግከው ነገር መጨረሻው ይታወቃል፤ ትከፍልበታለህ፣ ታስተካክለዋለህ፣ ያልቃል። ያላደረግከው ግን መጨረሻ ስለሌለው እንደፈለግክ ታሳምረዋለህ። በምናብህ ሄዶ የተማረው አንተ ብቸኝነት አይሰማውም፣ ፈተና አይወድቅም፣ ከቤት የመርዶ ስልክ አይደወልለትም። አንድም ክፉ ቀን ከሌለው ሰው ጋር ነው ራስህን የምታወዳድረው። የጓደኛህም ፎቶ ቢሆን የተነሳው ደስ ባለው ቀን ነው።

ቁጭቱን ግን አታጣጥለው። ያኔ ያማረህ ምን ነበር? ትምህርቱ ነው? ከቤት መራቁ ነው? “ደፋር ነው” መባሉ ነው? ትምህርቱ ከሆነ ዛሬም በሩ አልተዘጋም። ሌላው ከሆነ ደግሞ ለባለቤትህ ንገራት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ብቻህን የያዝከው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በገንዘብ ተጣላን። ሽማግሌ ገባ፣ እኔ እምቢ አልኩ። አንድ ማታ ደወለ፤ ስሙን ስልኩ ላይ እያየሁ ዝም አልኩት። በሳምንቱ በድንገት አረፈ። ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም እንቅልፍ የለኝም። (አንድ አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ጥፋት የለብዎትም ብዬ አልሸነግልዎትም፤ እርስዎም አያምኑኝም። አንድ ነገር ግን ይስሙኝ። ባሩክ ፊሽሆፍ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳሳየው፣ ሰው የነገሩን መጨረሻ አንዴ ካወቀ በኋላ ከመጀመሪያውም ሊታወቅ የሚችል ነበር ብሎ ያስባል። ያን ማታ ስልኩን ያላነሱት ሰው ወንድሙ ላይ የተቆጣ ሰው ነበር፤ ነገ ከነገ ወዲያ እንታረቃለን ብሎ ያሰበም ይመስለኛል። ሊሞት ሳምንት እንደቀረው አያውቅም። ዛሬ የሚፈርዱበት እርስዎ ግን ያውቃሉ። በመቆጣቱ ይውቀሱት፣ ተገቢ ነው። ባላወቀው ሞት ግን አይውቀሱት።

ለወንድምዎ ማድረግ የማይችሉትን፣ ልጆች ካሉት፣ ለልጆቹ ማድረግ ይችላሉ። የገንዘቡ ነገር ዛሬም ያልተፈታ ከሆነ ይፍቱት። ስለዚያ ማታም ይንገሯቸው፤ አባታቸው፣ ምናልባትም ሊታረቅ፣ ደውሎ እንደነበር ማወቅ ይገባቸዋል። ቢቆጡ ይቆጡ።

ሁለት ዓመት እንቅልፍ ማጣት ግን ከቁጭት ያለፈ ነገር ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ፣ ከ6 ወር በላይ ሳይረግብ የዘለቀና የዕለት ኑሮን የሚያውክ ከባድ ሐዘንን ራሱን የቻለ የጤና ችግር አድርጎ መዝግቦታል። ሕክምናም አለው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ስለ ወንድምዎ ማውራት ከከበደዎት ከእንቅልፉ ይጀምሩ፤ ጥሩ ሐኪም የቀረውን ራሱ ይጠይቅዎታል።