«ለነፍሰ ገዳይ ልትቆሚ ነው?»

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ፤ የተወለድሁት ቢቸና አካባቢ ነው። ሐሳቤ የወንጀል ጠበቃ መሆን ነው፤ አባቴ ግን «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ለነፍሰ ገዳይ ልትቆሚ ነው?» እያለ ይከፋዋል። እንደ ተመረቅሁ ወደ ጥብቅና ለመግባት ልሞክር ወይስ አስቀድሜ ዐቃቤ ሕግ ብሆን ይሻላል? ለአባቴስ ምን ብዬ ልመልስለት?

መልስ፦ በአባትዎ ጥያቄ ብጀምር ይሻላል፤ የወንጀል ጠበቃ ሥራ ግማሹ እዚያው ላይ ነውና። ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣልተው አንደኛው በሰነዘረው ዱላ ሌላው ቢሞት፣ የአገር ሰው «ገደለ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ገዳዩ አስቀድሞ አስቦና ተዘጋጅቶበት ከሆነ በአንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ይጠብቀዋል፤ እንዲህ ያለ ማክበጃ ሳይኖር ሆን ብሎ ከገደለ አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርድበታል፤ በከባድ ትንኮሳ ተቆጥቶ ወይም ከመከላከል ልክ አልፎ ከሆነ በአንቀጽ 541 ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው፤ ነፍሱን ለማዳን በልኩ ተከላክሎ ከሆነ ደግሞ በአንቀጽ 78 ጭራሹን አይቀጣም። ዱላው አንድ፣ ሟቹም አንድ ነው። ዱላውን ማን ቀድሞ አነሣ፣ ሟች በእጁ ምን ይዞ ነበር፣ ከጠቡ በፊት ዛቻ ነበረ ወይ የሚለውን ለተከሳሹ ቆሞ በማስረጃ የሚያስለየው ጠበቃው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሹ በመረጠው ጠበቃ እንዲወከል፣ አቅም አጥቶ ፍትሕ ሊጓደልበት በሚችልበት ጊዜም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት የደነገገው ስለዚሁ ነው።

በጎጃም ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሽማግሌዎች ገብተው ደም ካደረቁ፣ ካሳም ተከፍሎ ሁለቱ ቤተሰቦች ከታረቁ በኋላ፣ ተከሳሹ ክሱ የሚቀር ይመስለዋል። የግድያ ክስ በዕርቅ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ጥፋተኛ ከተባለ መጸጸቱንና መካሱን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ለቅጣት ማቅለያነት ማቅረብ ይቻላል። ይህን ለባለጉዳዩ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ሳይነግር ገንዘብ የተቀበለ ጠበቃ ስሙ እንዲጠፋ አንድ የገበያ ቀን ይበቃዋል።

ወደ ሥራው መንገድ ስመለስ፣ እኔ ዐቃቤ ሕግነትን አስቀድሙ እላለሁ። የፖሊስ መዝገብ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ የምስክር ቃል የት ላይ እንደሚሳሳ የሚታወቀው ከዚያ ወገን ሲቀመጡ ነው። ብዙ መቆየት ግን አልመክርም፤ የተከሰሰ ሁሉ ጥፋተኛ የሚመስለው ዐይን ከለመደ በኋላ ለመቀየር ያስቸግራል። የጥብቅና ፈቃዱን በሚመለከት፣ በክልል ፍርድ ቤቶች ለመቆም የክልሉን ሥርዓት፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1249/2013ን አንብበው መስፈርቱን ከወዲሁ ይወቁ።

ተማሪዎች ስለ ንግግር ችሎታ አብዝተው ይጨነቃሉ። እኔን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። አንድ ምስክር «ያየሁት የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቄ ነው» አለና በመዝገቡ ላይ «በቅርብ ርቀት» ተብሎ ተጻፈ፤ እኔም ዝም አልሁ። ጊዜው አመሻሽ ስለ ነበር ክርክሩ ሁሉ ያረፈው በዚያች ርቀት ላይ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን የሚያነበው የተጻፈውን ነው። ከዚያ ወዲህ በመስቀለኛ ጥያቄ ምስክሩን «ከቆሙበት እስከ ችሎቱ በር ያህል ነው ወይስ ይርቃል?» ብዬ እጠይቅና፣ መልሱ በሜትር ተገምቶ እንዲመዘገብ ችሎቱን አመለክታለሁ።

የምሥራቅ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እዚያው ደብረ ማርቆስ ነው፤ የወንጀል ችሎት ደግሞ በልዩ ምክንያት ካልተዘጋ በቀር በግልጽ ይካሄዳል። ትምህርት በሌለዎት ቀን ደብተር ይዘው ከኋላ ይቀመጡ፤ ቢመቻቸው አባትዎንም ይዘዋቸው ይግቡ።