«ኢንሹራንስ ውስጥ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የቱን ሰርተፍኬት ልጀምር?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጀማሪነት ትዝ አለኝ። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ አንደርራይቲንግ (የመድን ጥያቄ መርምሮ የመቀበልና አረቦን የመተመን ሥራ) ላይ ሁለት ዓመት ሠርተሻል። አሁን ወደ ሪስክ ማኔጅመንት መሻገር ፈልገሻል። የለንደኑን ሲአይአይ (የኢንሹራንስ ባለሙያዎች ተቋም የሚሰጠውን ሰርተፍኬት) ልጀምር፣ ኤፍአርኤም (የፋይናንስ ሪስክ ባለሙያዎች ፈተና) ልፈተን ወይስ ማስተርስ ልማር፣ መማሪያውንስ ከየት ላግኝ ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ «ሲአይአይ ጀምሪ» ብለው ጨርሰዋል። አልተሳሳቱም፤ እኔም የተማርኩት እሱን ነው። ግን ከዚያ በፊት አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

የቅርንጫፍ ኃላፊ ሳለሁ አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ደንበኛ ነበረን። መጋዘኑ ውስጥ ላለው ዕቃ የ20 ሚሊዮን ብር የእሳት ፖሊሲ ነበረው። ሰኔ 2016 ላይ አደሰ። ያን ጊዜ መጠኑ ልክ ነበር፤ ስቶኩን ራሴ ሄጄ አይቻለሁ። ብዙም ሳይቆይ፣ ሐምሌ 22፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሰውየው ዕቃ ከመደርደሪያው ሳይነቃነቅ ዋጋው እጥፍ ሆነ።

ኅዳር ላይ እሳት ተነሳ።

የተቃጠለው 12 ሚሊዮን ብር ተገመተ። ሰውየው 12 ሚሊዮኑን ጠበቀ። ለምን አይጠብቅ? ፖሊሲው ላይ የተጻፈው 20 ሚሊዮን ነው። ግን በአደጋው ቀን መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ዕቃ ሁሉ ሲተመን 40 ሚሊዮን ወጣ። ፖሊሲው ደግሞ አቬሬጅ አለበት። የዕቃውን ግማሽ ብቻ ኢንሹር ያደረገ ሰው የጉዳቱን ግማሽ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ለቀሪው ራሱ እንደ መድን ሰጪ ይቆጠራል። ስለዚህ 6 ሚሊዮን። ከሱም ላይ ኤክሰስ፣ ማለትም ደንበኛው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ፣ ይቀነሳል።

ይቺን ስሌት እኔ ፈተና ላይ ተጠይቄ በትክክል ሠርቻታለሁ። ሰርተፍኬቴም ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ግን ከሐምሌ እስከ ኅዳር አንድም ቀን ስልክ አንስቼ «የዕቃዎ ዋጋ ጨምሯል፣ ኢንዶርስመንት (የፖሊሲ ማሻሻያ) እንሥራና የመድን መጠኑን ከፍ እናድርገው» አላልኩትም። ተጨማሪው አረቦን ከደረሰበት ኪሳራ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነበር። ሰውየው ቢሮዬ መጥቶ ግድግዳውን እያየ «ታዲያ ይሄን ሁሉ የተማርከው ለምንድን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ የኔ ምክር ምዝገባውን ለሦስት ወር አዘግዪውና የክሌም (የካሳ ጥያቄ) ፋይል አንብቢ ነው። ኃላፊሽን አስፈቅደሽ የተዘጉ ፋይሎችን አውጪ። በሳምንት ሦስት ይበቃል። አንድ ዘዴ ልንገርሽ፦ ውሳኔውን ቀድመሽ አትመልከቺ። መጀመሪያ ደንበኛው መድን ሲጠይቅ የሞላውን ፕሮፖዛል ፎርም፣ ቀጥሎ ፖሊሲውን፣ ከዚያ የሰርቬየሩን (ቦታው ሄዶ የሚመረምረውን ባለሙያ) ሪፖርት አንብቢ። «እኔ ብሆን እከፍላለሁ ወይ? ስንት?» ብለሽ ወረቀት ላይ ጻፊ። በመጨረሻ የኮሚቴውን ውሳኔ ግለጪ። መጀመሪያ ላይ ብዙውን ትስቺያለሽ። እኔ የሳትኩት አብዛኛው ኤክስክሉዥኑን (ፖሊሲው አልሸፍንም የሚለውን ክፍል) ሳላነብ ስለዘለልኩ ነው። ፋይል ክፍል የቆዩ ሰው ካሉ ደግሞ ቡና ጋብዣቸው። እኛ ጋር የነበሩት ጋሼ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ግን የትኛው ፋይል ፍርድ ቤት እንደሄደና ለምን እንደተሸነፍን በቃላቸው ያውቁ ነበር።

ሪስክ ማኔጅመንት ካሰብሽ ደግሞ ከሰርቬየሩ ጋር ውጪ። ጄኔሬተሩና ናፍጣው ከዕቃው ምን ያህል ይርቃል? ዕቃው ጣሪያና አምፖል ድረስ ተደርድሯል ወይ? እሳት አደጋ መኪና ቢመጣ በመንገዱ ይገባል ወይ? መርካቶ ውስጥ ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን የሪስኩን ደረጃ ሊቀይር ይችላል።

ሕጉንም ከፋይሉ ጎን አድርጊው። የ1952ቱ ንግድ ሕግ ውስጥ የመድን ክፍሉ ከአንቀጽ 654 እስከ 712 ነው። 60 አንቀጽ እንኳ አይሞላም፤ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል። «በ2013 አዲስ ንግድ ሕግ ወጥቶ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ወጥቷል፤ የመድኑን ክፍል ግን አልነካውም። 667 እና 668ን ደጋግመሽ አንብቢ፤ ደንበኛው ምን ማሳወቅ እንዳለበትና ካልተናገረ ምን እንደሚሆን እዚያ ነው ያለው። 678 መድን የካሳ ውል ነው፣ ካሳው ንብረቱ በአደጋው ቀን ካለው ዋጋ አይበልጥም ይልሻል። 683 ካሳ የከፈለው መድን ሰጪ በደንበኛው እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን እንዲጠይቅ ያደርጋል። በዚያ ላይ የመድን ሥራ አዋጅ 746/2004ን፣ የሦስተኛ ወገኑን አዋጅ 799/2005ን ከነማሻሻያዎቻቸውና የብሔራዊ ባንክ መመሪያዎችን ጨምሪ። ሁሉም በነጻ ይገኛሉ። ስንት ሥራ አስኪያጅ እንዳላነበባቸው ብነግርሽ ትገረሚያለሽ።

አሁን ወደ ሲአይአይ። ከሰርተፍኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዚያ ኤሲአይአይ ወደሚባለው ማዕረግ ይወጣል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ አንድ ስህተት ይሠራል፤ ጓደኛው የሰጠውን የአይኤፍ 1 መጽሐፍ ይዞ ይጀምራል። አይኤፍ 1 የእንግሊዝን ተቆጣጣሪዎችና ሕጎች ነው የሚያስተምርሽ። ከእንግሊዝ ውጭ ላለ ሰው የተዘጋጀው ደብሊው 01 ነው፤ በሱ ግቢ። ከዲፕሎማው ኤም 92፣ የኢንሹራንስ ቢዝነስና ፋይናንስ፣ ብዙዎችን ያስለቅሳል። አንቺ አካውንቲንግ ስላለሽ ቶሎ ያዢው። ላሰብሽው መንገድ የሚሆነው ኤም 67 ነው፣ የሪስክ ማኔጅመንት መሠረት።

ኤም 05 የሚባለው የኢንሹራንስ ሕግ ላይ ግን ተጠንቀቂ። የሚያስተምረው የእንግሊዝን ሕግ ነው። እነሱ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የደንበኛውን የማሳወቅ ግዴታ ቀይረውታል። የእኛን ንግድ ሕግ ማርቀቅ የጀመሩት ደግሞ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ናቸው፤ መንፈሱ ሌላ ነው። ፈተናው ላይ የእንግሊዙን፣ ፋይሉ ላይ የእኛን መጻፍ አለብሽ። ሁለቱን ያምታታ ልጅ የክሌም ውድቅ ደብዳቤ ሲጽፍ አይቻለሁ፤ ደንበኛው ጠበቃ ይዞ መጣ።

ክፍያው በፓውንድ ነው፤ እውነተኛው ፈተና እሱ ነው። እኔን እንግሊዝ ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፍላልኝ ነው የጨረስኩት። መሥሪያ ቤትሽ የሚሸፍን ከሆነ ውሉን አንብቢ፤ «ከተማርሽ በኋላ ይህን ያህል ዓመት ታገለግያለሽ» የሚል አይጠፋውም። መጽሐፉንም ከሚታደለው አሮጌ ፒዲኤፍ አታጥኚ። ሲላበሱ ይታደሳል፣ አንቺም በማታውቂው ጥያቄ ትወድቂያለሽ።

ኤፍአርኤም? ባንክ ሪስክ ክፍል መግባት ካማረሽ ጥሩ ነው። ክብደቱ የገበያና የብድር ሪስክ ላይ ነው፤ ስለ እሳትና ስለ ማሪን (የባሕር ጭነት) መድን ብዙም አይነግርሽም። ኢንሹራንስ ውስጥ ወይም አንድ ፋብሪካ ሪስክ ላይ መሥራት ከፈለግሽ የለንደኑ የሪስክ ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት፣ አይአርኤም የሚባለው፣ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት ይቀርብሻል። ማስተርሱን አቆይው። አምስት ዓመት ሠርተሽ ብትገቢ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ አትንከራተቺም።

ከሜሪላንድ «ሲፒሲዩ (የአሜሪካኖቹ የንብረትና የኃላፊነት መድን ማዕረግ) ይሻላታል» ያልከው ወንድሜ፣ እዚያ ላለ ሰው እውነትህን ነው። ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ትልቅ ማዕረግ ነው። ግን የተቃኘው ለአሜሪካ ገበያ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ልጆች፣ ኤጀንት ለመሆን ከሱ በፊት የስቴቱን ፈቃድ ማውጣት እንዳለባችሁም አትርሱ።

ነጻ ነገር ለጠየቅሽው፦ ስዊስ ሪ የተባለው የጠለፋ መድን ሰጪ (መድን ሰጪዎችን ራሳቸውን መድን የሚሰጥ ኩባንያ) የሚያወጣቸው «ሲግማ» ጥናቶች ግሩም ናቸው፤ የዓለምን ገበያ በዓመት በዓመቱ ያሳዩሻል። የአፍሪካው የጠለፋ መድን ሰጪ አፍሪካ ሪም ለወጣት ባለሙያዎች የኦንላይን ሥልጠና አለው፤ ምዝገባ ሲከፈት አትለፊው። የመድን ሰጪዎች ማኅበርም ሥልጠና ሲያዘጋጅ ኃላፊሽን ጨቅጭቂ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ከሚሰጠው ትምህርት ይልቅ በሻይ ሰዓት የሌላ ኩባንያ የክሌም ሰው ስልክ መያዝሽ ይበልጥ ጠቅሞሽ ሊወጣ ይችላል።

የመጨረሻዋ ነገር ስለ ፈተናው ነው። ከቤት ሆነሽ በካሜራ ክትትል መፈተን ይቻላል። እኔ አንዱን ፈተና ቤቴ ጀምሬ መሃል ላይ መብራት ሄደብኝ፤ ራውተሩም አብሮ ጠፋ፣ ክፍያውም ባከነ። ቀጣዩን እሁድ ጠዋት ጄኔሬተር ያለው ጓደኛዬ ቢሮ ገብቼ ነው የተፈተንኩት። የስምሽንም ፊደል ስትመዘገቢ ልክ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው አድርጊው።