የልጄን ጃኬት ለነዳያን ሰጠሁበት፤ አጠፋሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ9 ዓመት ወንድና የ6 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ገና ሲቃረብ ወሬያቸው ሁሉ ስጦታ ነው። ትምህርት ቤታቸውም ስጦታ ተለዋወጡ ይላቸዋል። መስጠትን ይልመዱ ብዬ ሰሞኑን የልጄን ጃኬት ከሌሎች ልብሶች ጋር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላሉ ነዳያን ሰጠሁ። ሲያውቅ «የኔን ለምን ሰጠሽብኝ?» ብሎ አለቀሰ። እኔም ስስታም ብዬ ተቆጣሁት። አሁን ግን ቅር ብሎኛል። ልጁ ሳይወድ የተሰጠ ምጽዋት ዋጋ አለው? ልግስናንስ እንዴት ላስተምራቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ።

ከልቅሶው ልጀምር። ባለቤትሽ ለክት ያስቀመጥሽውን ነጠላ ሳይነግርሽ አንሥቶ ቢሰጥብሽ፣ ለድሃ ነው ቢልሽም ትከፊያለሽ። ልጅሽም የተከፋው እንደዚያ ነው። ስስታም አያሰኘውም። ምጽዋቱ ምጽዋት ነው፤ የሰጠሽው ግን አንቺ ነሽ፤ እሱ ገና አልሰጠም። ቅዱስ ጳውሎስ «እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፥ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ይላል (2ኛ ቆሮ. 9፥7)። ይህ ለልጅም ይሠራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂው። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ እኛ ዘንድ እንደ መዋረድ ይታያል፤ እኔ ግን ክብር ሲቀንስ አላየሁም። ሌላ ጃኬት ከሌለው ደግሞ ግዢለት። የታኅሣሥ ብርድ ቀልድ አያውቅም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ትምህርት ጊዜውን አዘጋጅታ ሰጥታናለች። አሁን ያለነው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ልደት ድረስ የምንጾመው ከቅቤና ከሥጋ ለመራቅ ብቻ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር እንጀራን ለተራበ መቁረስን፣ የታረዘን ማልበስን ያነሣል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከፍስኩ ይልቅ ለጾሙ እናወጣለን፤ በያይነቱው፣ የጾም ኬኩ፣ የጾም በርገሩ። ከጾሙ የተረፈ ሳንቲም ከሌለ ለድሃው ምን እንሰጣለን?

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ልጆች ጾም የሚጀምሩት በ7 ዓመታቸው ነው። ወንዱ ደርሷል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚገዛትን ነገር፣ ቺፕስም ትሁን ከረሜላ፣ እስከ ገና መተው ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው። እሺ ካለ ገንዘቡን በባዶ የማር ጠርሙስ ያጠራቅም። የሚታይ ጠርሙስ ይሁን፤ የተጨማደደችው አስር ብር ስትደራረብ በዓይኑ ይያት። ትንሿ ባትጾምም ሳንቲም ትክተትበት፤ እሷ እንዲያውም ሳትጠየቅ ልትቀድመው ትችላለች። ለገሃዱ ቀን፣ በገና ዋዜማ ማለት ነው፣ ራሳቸው ይቁጠሩት። ለማን እንደሚሰጥም ራሳቸው ይምረጡ። አንቺ አትጨምሪበት። ትንሽ ነው ብለሽ መቶ ብር ከላይ ጣል ካደረግሽበት ሥራቸውን ቀማሻቸው።

በዚህ መሐል የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6ን አንብቢላቸው። አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ የያዘው ብላቴና እዚያ አለ። ስሙ አልተጻፈም። እኛ ሰባኪዎች የተረፈውን አሥራ ሁለት መሶብ ስንቆጥር ልጁን እናልፈዋለን። ልጆች ግን የሚይዙት እሱን ነው። «ራሱስ በላ?» ብለው ይጠይቁሻል። ሁሉም እስኪጠግቡ በሉ ይላል፤ አሳያቸው።

ልብስ ስትሰጡ ደግሞ ልጁ ራሱ ይምረጥ፤ ከዚያ አብራችሁ እጠቡት። ዚፑን ወደ ላይ ወደ ታች ይሞክረው፣ የወለቀ ቁልፍ ካለ ትከዪው። ዚፑ የማይዘጋ ጃኬት ለሰው መስጠት ቁም ሣጥን ማጽዳት ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ሁለት ልብስ ያለው አንዱን ያካፍል ነው ያለው (ሉቃ. 3፥11)፤ የተቀደደውን አላለም።

በር ላይ ስትደርሱም አሰጣጡን አሳያቸው። ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው፣ «እንደምን አደሩ እማማ» ብለው ይስጡ። ከመኪና መስኮት ሳንቲም መወርወር አያስተምርም። «ካልተማርክ እንደሱ ትሆናለህ» የሚለውን ማስፈራሪያ ደግሞ እባክሽ ተዪው። በዚያች ደቂቃ ልጁ የሚማረው ድሃን መናቅ ነው። ስልኩም ቦርሳሽ ውስጥ ይቆይ፤ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ተብለናል።

የትምህርት ቤቱ ስጦታ አያስጨንቅሽ። ዋጋው ልክ ይኑረው እንጂ ጓደኛን ማስደሰት ነውር የለበትም። ያ ቀይ ልብስ የለበሰው የገና አባት ማን እንደሆነ ከጠየቁሽም የቅዱስ ኒቆላዎስን ታሪክ ንገሪያቸው። በ4ኛው መቶ ዘመን የሜራ ጳጳስ ነበር። አንድ የደኸየ አባት ሦስት ሴቶች ልጆቹን መዳር አቅቶት ሳለ፣ ማንም ሳያየው በሌሊት በመስኮት ወርቅ እንደጣለለት ይነገራል። ተደብቆ መስጠት ልጆች የሚወዱት ጨዋታ ነው። ለጎረቤት በር ላይ ዳቦ አስቀምጠው ሮጠው ይመለሱ፤ ሲስቁ ትሰሚያቸዋለሽ።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ቤትሽ ሠራተኛ ካለች፣ ወይም የግቢ ዘበኛ ካለ፣ ልጆችሽ ከማንም በፊት የሚያዩት እነሱን እንዴት እንደምትይዣቸው ነው። የበዓል ዕለት እሷ ሌሊቱን ሽንኩርት ስታቁላላ አድራ፣ ሁሉ በልቶ ከተነሣ በኋላ የድስት ጥራጊ የሚደርሳት ከሆነ የሙሉ ጾሙን ትምህርት ልጆችሽ ይረሱታል። የዘንድሮ ገና ከዶሮው ወጥ መጀመሪያ ለእሷና ለዘበኛው ይውጣ፤ እንቁላሉም ሳይቀር። ሳህኑን ወንድ ልጅሽ ተሸክሞ ያድርስ።