ቀስ ማለት ከእጅ ይጀምራል

ጥያቄ፦ የምኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ከተጋባን 19 ዓመታችን ነው፤ ባለቤቴን እስካሁን አንቱ ነው የምላቸው። ደግ ሰው ናቸው። አልጋ ላይ ግን ይቸኩላሉ፤ እኔ ገና ሳልሞቅ እሳቸው ጨርሰው ፊታቸውን ያዞራሉ። በልጅነቴ ስለተገረዝኩ ይሆን ስሜት የራቀኝ? ቀስ እንዲሉስ በምን አፌ ልንገራቸው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ከግርዛቱ እንጀምር። «የኔ ነገር ያኔ ተቆርጦ ቀርቷል» ብለው ተስፋ የቆረጡ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከቂንጥር ወደ ውጭ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው። አብዛኛው አካሉ ከቆዳ ሥር በብልት ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ምላጩ የነካው የላይኛውን ነው። አንገት፣ ጡት፣ የጭን ውስጠኛ ክፍልም የየራሳቸው ስሜት አላቸው። ጊዜው ሊረዝም ይችላል እንጂ በሩ አልተዘጋም። ጠባሳው የሚያምዎት ወይም የሚወጥርዎት ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

«ሳልሞቅ» ያሉት ትክክለኛው ቃል ነው። የሴት ብልት የሚረጥበውና የሚላላው ደም በደንብ ሲደርሰው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 ደቂቃ መዳበስ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የእናንተ አገር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። በታኅሣሥ ውርጭ የቀዘቀዘ እጅ ድንገት ወገብ ላይ ሲያርፍ ገላ ይሸማቀቃል፤ የተሸማቀቀ ገላ ደግሞ ቶሎ አይፈታም። ስለዚህ መጀመሪያ እጅ ይሙቅ። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ሞፈር ያሻከረውን መዳፍ ማታ ማታ ቫዝሊን መቀባት። ባና ሙቀቱ ግሩም ነው፣ ራቁት ገላን ግን ያሳክካል፤ ከሥሩ ጋቢ ይግባ። የከሰል ምድጃ ግን በር ከመዘጋቱ በፊት ይውጣ። ጭስ ባይታይም የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል።

«ቀስ» ሲባል ስንት ነው? በቆዳችን ውስጥ ለዝግተኛ ዳበሳ ብቻ የተሠሩ የሚመስሉ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚሄድ ለስላሳ ንክኪ ነው የሚያነቃቸው፤ የተሻለው ወደ 3 ሴንቲሜትር የሚጠጋው ነው። ከክርን እስከ አምባር ማሰሪያ ያለው ርቀት 24 ሴንቲሜትር ገደማ ነው እንበል፤ እሱን ለመጨረስ 8 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። በራስዎ ክንድ ላይ እየቆጠሩ ይሞክሩት። ብዙ ሰው ሦስት ሳይቆጥር ነው የሚጨርሰው።

አሁን ወደ ሥራው። ማስተርስና ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተቸገሩ ባለትዳሮች ያዘጋጁት ልምምድ አለ፤ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ለጊዜው ግንኙነት ይከልከልና ገላ ያለ ግዴታ ይዳበስ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ማታ ይምረጡ። አንዱ በሆዱ ይተኛል፤ ሌላው ከማጅራት ተነሥቶ በትከሻ፣ በጀርባ፣ በወገብ፣ እስከ ባት ይወርዳል፤ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ተራ መቀያየር። ጡትና ብልት አይነኩም። በጣት ጫፍ ሳይሆን በሙሉ መዳፍ፤ የጣት ጫፍ ይኮረኩራል። አንዱ እጅ ሲነሣ ሌላው ገላ ላይ ይቆይ። ዘይት ከተፈለገ አንድ የሻይ ማንኪያ መዳፍ ላይ ሞቆ ይቀባ እንጂ ጀርባ ላይ አይፍሰስ። በሁለተኛው ሳምንት ጡት፣ ሆድና ብልት ይጨመራሉ፤ ግንኙነት ግን አሁንም የለም። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሁለታችሁም ከፈለጋችሁ ወደ ግንኙነት ይቀጥላል።

የሚበላሸው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ማታ፣ «እስከዚህ ከደረስን» ተብሎ ክልከላው ሲፈርስ። ያኔ የሴቲቱ ገላ እያንዳንዱን ዳበሳ እንደ ዕዳ መቁጠር ይጀምራል፤ ልምምዱም እንደ አዲስ ከአንድ ይነሣል። ሌላው ጥፋት አንድ ቦታ ላይ መደጋገም ነው፤ ቆዳው ይደነዝዛል። በመሐል የወንዱ ብልት ቢላላም ያለ ነው፤ ይመጣል ይሄዳል፣ መደንገጥ አያስፈልግም። (ለሴቶች አንድ የወጥ ቤት ነገር፦ በርበሬ ወይም ቃሪያ የነካ እጅ ውሃ ብቻ አያጸዳውም። መጀመሪያ በዘይት አሽተው፣ ቀጥሎ በሳሙና ይታጠቡ። ያለዚያ ማታው ሌላ ነው የሚሆነው።)

ስለ አነጋገሩ፦ አልጋ ላይ አይጀምሩት። ልጆች ወጥተው ሁለታችሁ ቡና ላይ ስትሆኑ ይሻላል። «ሁልጊዜ ይቸኩላሉ» ከሚሉ «ማጅራቴን ሲይዙኝ ደስ ይለኛል፣ እዚያ ላይ ቢቆዩልኝ» ይበሉ። አንቱታው አያስቸግርም፤ እንዲያውም ልመናውን ያሳምረዋል። ማታ ደግሞ አፍ ቢያፍር እጅ አለ፦ እጅዎን በእጃቸው ላይ ደርበው በሚፈልጉት ፍጥነት ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን። ባለቤቴ ከወለደች ሦስት ወር ሆናት፤ ታጠባለች። ልቀርባት ስል «እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገኛል» ትላለች። ጠልታኝ ነው?

መልስ፦ አልጠላችህም። ጡት በምታጠባ ሴት ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ዝቅ ይላል፤ ብልቷ የሚደርቀውና ቆዳው የሚሳሳው በዚህ ነው። ፍላጎቷ ቢኖርም ድርቀቱ ሊኖር ይችላል። ፋርማሲ ሄደህ በውሃ የተሠራ የብልት ማለስለሻ ጠይቅ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል በእሷም በአንተም ላይ፣ ሲደርቅ ደግሞ መድገም። ቅቤ አይሆንም። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ቫዝሊንና ዘይትም አይሆኑም፤ ላስቲኩን ያዳክሙታል፣ ይቀደዳል።

በጎን ተኝታችሁ ወይም እሷ ከላይ ሆና ይሁን፤ ያኔ ጥልቀቱንም ፍጥነቱንም የምትወስነው እሷ ናት። «ተው» ካለች ወዲያው ውጣ፤ ጥርስ ነክሳ የታገሠችው ሕመም በሚቀጥለው ጊዜ ጡንቻዋን ቀድሞ ያኮማትረዋል። ስፌት የነበረበት ቦታ አሁንም የሚቆረቁር፣ የሚደማ ወይም የሚሸት ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰዳት። ወር አበባዋ ስላልተመለሰም አታረግዝም ብላችሁ አትተማመኑ፤ ጡት መከላከያ የሚሆነው ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ሆኖ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባና የወር አበባ ገና ሳይመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር። ሁለታችንም ጿሚ ነን። ከ55ቱ ቀን በኋላ በፋሲካ ጾሙን ስንፈታ አልጋ ላይ ሁለት ደቂቃ አልቆይም። በሽታ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ረጅም ጊዜ ተከልክሎ የቆየ ሰው ቶሎ ይፈሳል። የመጀመሪያውን ማታ እንደ ማሟሟቂያ ቁጠረው፤ ከፈለጋችሁ በነጋታው ሁለተኛው ይረዝማል። ልምምድ ከፈለግህ፦ ሊመጣ ሲል፣ መመለሻ ከሌለው ነጥብ በፊት፣ እንቅስቃሴ አቁም፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል በረጅሙ ተንፍስ፤ ሲበርድ ቀጥል። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርገህ በአራተኛው ልቀቀው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዘግይቶ በማቆም ነው፤ ስሜትህን ከአሥር ብትለካው ሰባት ላይ ስትደርስ ቁም፣ ዘጠኝ ላይ ረፍዷል። እጅህ ግን አይቁም፤ እሷን መዳበሱን ቀጥል። አረቄ ያዘገየኛል ብለህ ከሆነ ደግሞ አታስበው፤ ሁለት መለኪያ ሲያልፍ የሚያዘገየው ፍሰቱን ብቻ ሳይሆን መቆሙንም ነው። ችግሩ ፋሲካ አልፎም ሳይለቅህ ስድስት ወር ከዘለቀ ወደ ሐኪም ሂድ፤ በመድኃኒት የሚታከም ነው።