«በመሣሪያ የታገዘ አቀራረብ» ለምን አሳቀ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? 4 ኪሎ አካባቢ ባለች ትንሽ ቢሮ ውስጥ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። ሰሞኑን ለአብራሪነት ተማሪዎች የሚሆን ጽሑፍ ደርሶኝ «ኢንስትሩመንት አፕሮች» የሚለውን «በመሣሪያ የታገዘ አቀራረብ» ብዬ መለስኩት። ጓደኞቼ በሳቅ ፍርስ አሉ። ስህተቴ የቱ ጋ ነው? ደግሞስ «አልቲቲዩድ»፣ «ሃይት» እና «ኤሌቬሽን» የሚሉትን ሦስቱንም «ከፍታ» ብላቸው ችግር አለው?

መልስ፦ ጓደኞችሽ አይፈረድባቸውም። እኔም ሳነበው ማኪያቶዬ ሊደፋ ነበር። «መሣሪያ» የአናጢም፣ የሐኪምም፣ የሙዚቀኛም ነው። ብቻውን ሲቆም ግን ጆሮ የሚሰማው ሌላ ነው። «ሰውዬው መሣሪያ ይዟል» ብትዪ መጋዝ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። «በመሣሪያ የታገዘ አቀራረብ» ሲባልም ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ሽጉጡን ታጥቆ ለሽምግልና የመጣ አጎት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነ ንገሪን፤ «በበረራ መሣሪያ የሚመራ አቀራረብ» በዪ፤ አውሮፕላኑ ለማረፍ ወደ ማኮብኮቢያው የሚመጣበት መንገድ ነውና። «የታገዘ»ን የጣልኩት አውቄ ነው። እገዛ ካልሽ ዋናውን ሥራ የሚሠራ ሌላ አለ ማለት ነው፣ እዚህ ላይ የአብራሪው ዓይን መሆኑ ነው። ደመና ውስጥ ግን ዓይን ሥራ ፈቷል። ሐምሌ ላይ ፒያሳ ቆመሽ እንጦጦን ስትፈልጊው እንደምታጪው ማለት ነው። «አይ ኤል ኤስ» የሚባለው ሥርዓት ከመሬት በሚላክ የሬዲዮ ጨረር አንዱን ለግራ ቀኙ፣ ሌላውን ለቁልቁለቱ አድርጎ አብራሪውን ይመራዋል፤ ቁልቁለቱ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዲግሪ ነው። በተለመደው ደረጃ ከመሬት 200 ጫማ እስኪቀረው ድረስ በዚህ ይወርዳል፣ እዚያ ደርሶ ማኮብኮቢያውን ወይም መብራቶቹን ካላየ ማረፉን ትቶ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል።

«አቀራረብ» ላይ ግን እከራከርልሻለሁ። የዜና አቀራረብ፣ የምግብ አቀራረብ ስለሚባል «መቃረብ» ይሻላል የሚሉ አሉ። አልስማማም። «መቃረብ» የጊዜ ይመስላል፤ ፋሲካ ነው የሚቃረብ። አነጋገር፣ አካሄድ፣ አለባበስ፣ አቀማመጥ የሚሉትን ተመልከቺ። ይህ የስም ቅርጽ ድርጊቱ እንዴት እንደተደረገ ይናገራል። የአብራሪዎቹም «አፕሮች» ዝም ብሎ መጠጋት አይደለም። በየት በኩል፣ በስንት ከፍታ፣ እስከ የትኛው ነጥብ ድረስ እንደሚመጣ አስቀድሞ በወረቀት የተሠራ አካሄድ ነው። ስለዚህ ቅርጹ ልክ ገብቶለታል።

አሁን ወደ ከባዱ። «ከፍታ» ችግር አለው፣ ያውም ትልቅ።

«አልቲቲዩድ» አውሮፕላኑ ከባሕር ጠለል ያለው ከፍታ ነው። «ሃይት» ከመሬት ያለው ነው። «ኤሌቬሽን» ደግሞ መሬቱ ራሱ ከባሕር ጠለል ያለው። ባሕር አጠገብ ላለ አየር ማረፊያ፣ ጅቡቲን አስቢ፣ ማረፊያው ላይ ሦስቱ ቢምታቱ ልዩነቱ ጥቂት ነው። የእኛ ቦሌ ግን 7,625 ጫማ ላይ ተቀምጧል። እና አንቺ «አውሮፕላኑ ቦሌ ላይ በ8,000 ጫማ ከፍታ ይበራል» ብለሽ ጻፍሽ እንበል። ከባሕር ጠለል ከሆነ ከመሬት የቀረው 375 ጫማ ብቻ ነው፣ 114 ሜትር ገደማ፤ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው የንግድ ባንክ ፎቅ 209 ሜትር ስለሆነ የፎቁን ግማሽ ትንሽ ብቻ አለፍ ይላል። ከመሬት ከሆነ ግን ሰላም ነው፣ ገና ሰማይ ላይ ነው። ተማሪው የትኛውን እንደሚረዳ በምን ታውቂያለሽ?

ስለዚህ «ከፍታ»ን ብቻውን አትልቀቂው። «ከባሕር ጠለል ከፍታ»፣ «ከመሬት ከፍታ»፣ «የሥፍራው ከፍታ» በዪ። ይረዝማል፣ ይርዘም። ለ«ሃይት» «ቁመት» ይሁን ያለኝ ሰው ነበር። ቁመት የቆመው ነገር የራሱ ነው፣ የሰው፣ የዛፍ፣ የፎቅ። የአውሮፕላን ቁመት ከጎማው እስከ ጭራው ጫፍ ነው። «ፍላይት ሌቭል»ን ደግሞ እንዳለ ተዪው። በ1013.25 ሄክቶፓስካል መደበኛ የአየር ግፊት ላይ ተመሥርቶ የሚነበብ የከፍታ ቁጥር ነው እንጂ ከእውነተኛው ባሕር ጠለል የሚለካ አይደለም። «የበረራ ደረጃ» ካልሽው አንባቢው ቢዝነስ ክላስ ይመስለዋል።

ሳትጠይቂኝ አንድ ልጨምር፣ «ፈቃድ»ን። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው «ክሊርድ ፎር አፕሮች» ሲል «ለአቀራረብ ተፈቅዷል» ብለሽ እንደምታልፊ ገምቻለሁ። ምን ተፈቀደ? መውረድ? ወደ ስንት? እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1974 ቲ ደብሊው ኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ 514 በረራ ዋሽንግተን አቅራቢያ ወዳለው ዳለስ አየር ማረፊያ ሲሄድ ይህንኑ ፈቃድ ተቀበለ። አብራሪዎቹ ወደ 1,800 ጫማ መውረድ እንደተፈቀደላቸው ተረዱ። ተቆጣጣሪው ደግሞ ከተራራው በላይ መቆየት የእነሱ ኃላፊነት ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። ቨርጂኒያ ውስጥ ተራራ መቱ፣ የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሁሉም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች፣ ቃሉም የሙያቸው ቃል ነበር። በሬዲዮ ላይ አማርኛሽን የሚጠቀም አብራሪ እንደማይኖር አውቃለሁ፣ ተማሪው ግን ነገሩን መጀመሪያ የሚገባው ባንቺ አማርኛ ነው። «አቀራረቡን ለመጀመር ተፈቅዷል» በዪና ከዚያ በታች የማይወረድበት ከፍታ ስንት እንደሆነ ከጎኑ ጻፊ።

በመጨረሻ፣ «ማረፍ» የሚለው ግሥ ጋ ስትደርሺ ባለቤቱን አጥብቀሽ ያዢ። አውሮፕላኑ ያርፋል፣ አብራሪው ያሳርፋል። «ዋና አብራሪው ቦሌ ላይ በሰላም አረፉ» ብለሽ ከጻፍሽ፣ ያውም በአክብሮት፣ ቤተ ዘመድ ድንኳን መትከል ይጀምራል።